የቤት ኮምፒውተርን በኢሜይል ከሚመጣ ቫይረስና ዎርም መጠበቅ፦ ደረጃ በደረጃ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ከፊሊፒንስ የተነሳ አንድ ኢሜይል በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ርዕሱ «አይ ላቭ ዩ» ይላል። ከስሩ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ተያይዟል። ሰው ፋይሉን ሲከፍተው ፕሮግራሙ በአውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ውስጥ ወዳሉት አድራሻዎች ሁሉ ራሱን ይልካል። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ደግሞ እያጠፋ በቦታቸው የራሱን ኮፒ ያስቀምጣል። ፔንታጎንና የብሪታንያ ፓርላማ ሳይቀሩ ኢሜይላቸውን ለጊዜው ዘግተው ነበር። ይህን የሠራው በማኒላ የኮምፒውተር ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ፊሊፒንስ በወቅቱ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚቀጣ ሕግ ስላልነበራት ሳይቀጣ ቀረ።

ይህን የማነሳው ያ ኢሜይል የተጠቀመባቸው ሁለት ዘዴዎች ዛሬም ስለሚሠሩ ነው። አንደኛ፣ ደብዳቤው የመጣው ከጓደኛ፣ ከአለቃ፣ ከዘመድ አድራሻ ነበር። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ «ቲኤክስቲ» ስለሚል ተራ ጽሑፍ ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ፕሮግራም መሆኑን የሚናገረውን «ቪቢኤስ» የሚለውን እውነተኛ መጨረሻ ግን ዊንዶውስ ደብቆት ነበር። ብዙ ሰው «ከማላውቀው ሰው የመጣ ፋይል አልከፍትም» ብሎ ራሱን የተጠበቀ ያደርገዋል። አደጋው ያለው ግን ከምታውቁት ሰው በመጣው ውስጥ ነው። የላኪው ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የፋይሉ ዓይነት ግን ብዙ ይናገራል።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላለው የቤት ኮምፒውተር ነው፤ የ«ሴቲንግስ» ሜኑዎቹ ግን የዊንዶውስ 11 ናቸው፣ በ10 ላይ ጥቂት ይለያሉ። የሜኑዎቹንም ሆነ የፋይል ዓይነቶቹን ስም እንደሚነበቡት ጽፌዋለሁ፤ ስክሪናችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ታገኟቸዋላችሁ።

መጀመሪያ፦ ጠላታችሁ ምን እንደሚመስል

ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ፕሮግራም ነው፤ ያ ፋይል ሲከፈት እሱም ይነሳል። ዎርም ግን የሚጣበቅበት ፋይል ሳያስፈልገው ራሱን እያባዛ ይልካል። በተግባር ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 የወጣው ሜሊሳ በወርድ ሰነድ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ነበር፤ ግን በአድራሻ ደብተሩ ውስጥ ወዳሉት የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን እንደ ዎርም ይልክ ነበር።

የያኔዎቹ በአብዛኛው ግርግር ፈጣሪዎች ነበሩ። የዛሬዎቹ የሚሹት ገንዘብ ነው። ብሮውዘራችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ይሰርቃሉ፣ ኢሜይላችሁን ይይዛሉ፣ ወይም ፋይሎቻችሁን ቆልፈው ክፍያ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ ተንኮለኛው ኢሞቴት ነበር። የተበከለውን ሰው የቆየ የኢሜይል ልውውጥ ይሰርቅና ለዚያው ልውውጥ መልስ አስመስሎ ፋይል ይልካል። ባለፈው ወር ከወንድማችሁ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ተጻጽፋችሁ ከሆነ፣ ያው ጽሑፍ ከስሩ ተከትሎ «የተባባልነው ወረቀት ይኸው» የሚል ይመጣል። የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቢያፈርሱትም፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተመልሶ መጣ።

ደረጃ 1፦ የፋይሎችን ሙሉ ስም አሳዩ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ 1 ደቂቃ አይሞላም። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ድረስ የፋይል ስም መጨረሻን ደብቆ ነው የሚመጣው።

በዊንዶውስ 11 ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ። ከላይ «ቪው» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ሾው» የሚለውን ተጫኑ። «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ የራይት ምልክት አድርጉ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ፎልደሩ ላይ «ቪው» ስትሉ ይኸው ሳጥን ወዲያው ይታያል።

አሁን «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ» ይመስል የነበረው ፋይል «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። የሚቆጠረው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ብቻ ነው። የፋይሉ ምስል ፒዲኤፍ ቢመስልም አትመኑት፤ ፕሮግራም የሠራ ሰው የፈለገውን ምስል ይለጥፍበታል።

በኢሜይል ከመጡ ፈጽሞ መከፈት የሌለባቸው እነዚህ ናቸው፦ ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ባት፣ ሲኤምዲ፣ ኤምኤስአይ፣ ቪቢኤስ፣ ጄኤስ፣ ደብሊውኤስኤፍ፣ ኤችቲኤ። ማንም ዘመድ፣ ማንም ባንክ፣ ማንም አሠሪ እነዚህን በኢሜይል የሚልክበት በቂ ምክንያት የለውም። ጂሜይል ራሱ አብዛኞቹን አያሳልፍም። ስለዚህ አጥቂዎቹ በሌላ ዕቃ ጠቅልለው ይልካሉ። አይኤስኦና አይኤምጂ የሚባሉት የዲስክ ፋይሎች፣ እንዲሁም ፓስወርድ የተደረገባቸው ዚፖች ለዚህ ያገለግላሉ። ኢሜይሉ ውስጥ «የዚፑ ፓስወርድ 1234 ነው» የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። ዚፑን የቆለፉት አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ምስጢር ለመጠበቅ ቢሆንማ ቁልፉን ከተቆለፈው ዕቃ ጋር አይልኩትም ነበር።

የወርድና የኤክሴል ፋይሎች ላይ መጨረሻዋን «ኤም» ተመልከቱ። ዶክኤምና ኤክስኤልኤስኤም ማለት ውስጣቸው ማክሮ፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። የድሮዎቹ «ዶክ» እና «ኤክስኤልኤስ» ደግሞ መጨረሻቸው ላይ «ኤም» ባይኖርም ማክሮ ሊይዙ ይችላሉ። ኤችቲኤምኤል ሆኖ የተያያዘ ፋይል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጂሜይል ወይም የማይክሮሶፍት መግቢያ የሚመስል ገጽ ከፍቶ ፓስወርድ ይጠይቃል።

አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። «ኤልኤንኬ» የሚባለው የሾርትከት ፋይል ቅንብሩን ብታስተካክሉም መጨረሻው አይታይም። የሚታወቀው ምስሉ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ቀስት ነው። ከኢሜይል ካወረዳችሁት ዚፕ ውስጥ ቀስት ያለበት «ሰነድ» ከወጣ፣ ዚፑን እንዳለ አጥፉት።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ጨምሩ። ዴስክቶፑ ላይ ባዶ የኖትፓድ ፋይል ፍጠሩና ስሙን «ሙከራ.ጄኤስ» በሉት፤ መጨረሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ራይት ክሊክ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ «ቹዝ አናዘር አፕ»፣ ከዚያ ኖትፓድን መርጣችሁ «ኦልዌይስ» በሉ። ለቪቢኤስና ለደብሊውኤስኤፍም እንዲሁ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ወይም አያት በስህተት እንዲህ ያለ ፋይል ደብል ክሊክ ቢያደርግ፣ ፕሮግራሙ መሮጡ ቀርቶ የማይገባ ጽሑፍ ብቻ ይከፈታል። የአይ ላቭ ዩ ፋይል በኖትፓድ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ምንም ባላደረገ ነበር።

ደረጃ 2፦ ዊንዶውሱንና ኦፊሱን አድሱ

ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ የደኅንነት ማስተካከያ ይለቃል። «ሴቲንግስ»፣ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» ማለት ብቻ ነው።

እኛ አገር ላይ ያለው ችግር ዳታ ነው። ብዙዎቻችን ከስልክ በሆትስፖት ስለምንጠቀም፣ ጥቅሉ እንዳያልቅ ግንኙነቱን «ሚተርድ ኮኔክሽን» እናደርገዋለን። ያን ጊዜ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ማውረድ ያቆማል፤ ኮምፒውተሩም ወራት ሙሉ ሳይታደስ ይቀመጣል። ቆጣቢነቱ ልክ ነው፣ እኔም አልቃወመውም። ግን በወር አንድ ቀን፣ በተለይ ከሁለተኛው ማክሰኞ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገደብ የሌለው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ሚተርዱን አጥፍታችሁ አድሱት። የዘመድ ቤት ቢሆንም ያገለግላል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ልብ በሉ። መደበኛው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለቤት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ ነው፤ በዚያው የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይመዘገባል። ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ወደዚያ ተሻገሩ። የማይችል አሮጌ ከሆነና የምትጠቀሙበት ለኢሜይል፣ ለብሮውዘርና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ሊኑክስ ሚንት በነጻ ይጫናል። ለዊንዶውስ የተጻፈ የኢሜይል ቫይረስም እዚያ ላይ በራሱ አይነሳም።

ደረጃ 3፦ አንቲቫይረሱ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ

አንቲቫይረስ መግዛት የግድ አይደለም። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ካልተዘጋበት ነው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አትጫኑ፤ ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩንም ያዘገዩታል።

«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ከስታርት ፈልጋችሁ ክፈቱ። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ገብታችሁ «ማኔጅ ሴቲንግስ» በሉ። «ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን»፣ «ክላውድ-ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚሉት ሦስቱም «ኦን» መሆን አለባቸው።

አሁን በዚያው ገጽ ወደ ታች ውረዱና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ክፈቱ። ይህችን ቦታ የሚያያት ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን የሰው ኮምፒውተር ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነው። ኤክስክሉዥን ማለት «ይህን ቦታ አትፈትሽ» ማለት ነው። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ) ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ ሲጫን፣ አክቲቬተሩ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ በዲፌንደር እንዳይያዝ የሚጭነው ሰው አንድ ፎልደር፣ አንዳንዴም ሙሉ ሲ ድራይቩን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ በኢሜይል የመጣውም ጭምር፣ ሳይፈተሽ ያልፋል። ከላይ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ዘበኛው ግን ዓይኑ ታስሯል። እናንተ ያላስገባችሁትን ሁሉ «ሪሙቭ» በሉ።

ስለ ክራክ ግልጽ ልናገር። ኦሪጅናል ኦፊስ ውድ ነው፣ ይገባኛል። ግን አክቲቬተር ማለት ከማታውቁት ሰው የመጣ፣ አንቲቫይረስ ዝጉልኝ የሚላችሁ ፕሮግራም ነው። ይህን በኢሜይል ቢልኩላችሁ ትከፍቱት ነበር? ሊብረኦፊስ ነጻ ነው። ጎግል ዶክስም፣ በብሮውዘር የሚሠራው የማይክሮሶፍት ወርድም ነጻ ናቸው። ለሲቪ፣ ለማመልከቻና ለቤት ሒሳብ ከበቂ በላይ ናቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ውስጥ ገብታችሁ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚለውን ክፈቱ። ያልታወቀ ፕሮግራም ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ሊቀይር ሲሞክር ያግደዋል። አልፎ አልፎ ጤነኛ ፕሮግራምም ሊያግድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በስሙ ለይታችሁ ትፈቅዱለታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ለየዕለት ሥራ የአስተዳዳሪ አካውንት አትጠቀሙ

አዲስ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚን ነው። በዚያ አካውንት የምትከፍቱት ቫይረስም የእናንተን ሥልጣን ይዞ ይነሳል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ከተገላበጠ ራሳችሁን ልትቆልፉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «አዘር ዩዘርስ» ውስጥ ገብታችሁ አዲስ አካውንት ጨምሩ። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ «አይ ዶንት ሃቭ ዚስ ፐርሰንስ ሳይን-ኢን ኢንፎርሜሽን» (የዚህን ሰው መግቢያ አላውቅም) የሚለውን፣ ቀጥሎ «አድ ኤ ዩዘር ዊዝአውት ኤ ማይክሮሶፍት አካውንት» (ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር) የሚለውን ምረጡ። ጠንካራ ፓስወርድ ስጡት። «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» ብላችሁ አድሚኒስትሬተር አድርጉት። ከዚያ ውጡና በአዲሱ ግቡ። መግባቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ የድሮውን አካውንታችሁን ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ቀይሩት።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራም ስትጭኑ የአድሚኑን ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። አንድ «ደረሰኝ» ለመክፈት ስትሞክሩ የአድሚን ፓስወርድ ከተጠየቃችሁ ግን ያ ደረሰኝ አይደለም። «ኖ» ብላችሁ ፋይሉን አጥፉ። ልጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ከሆነ ለእነሱም ለየብቻ ስታንዳርድ አካውንት ክፈቱላቸው።

ደረጃ 5፦ ኢሜይሉንና ኦፊሱን አጥብቁ

ጂሜይል ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ክፈቱ። ፓስወርዳችሁ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ስልካችሁ ከሌለው በቀላሉ አይገባም። ዎርሞች የሚባዙት በተያዘ የኢሜይል አካውንት ስለሆነ፣ ይህ እናንተን ብቻ ሳይሆን በአድራሻችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

የተያያዘ ፋይል ማየት ሲያስፈልጋችሁ ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ አታውርዱት። ጂሜይል ውስጥ ፋይሉን አንድ ጊዜ ስትጫኑት በብሮውዘሩ ውስጥ ያሳያችኋል። ያን ጊዜ ሰነዱን የሚከፍተው የጎግል ሰርቨር ነው፤ የወርድ ማክሮም እዚያ አይነሳም። አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉት ማንበብ ብቻ ስለሆነ ይህ ይበቃል።

ኦፊስ ከተጫነላችሁ ወርድን ክፈቱና «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ትረስት ሴንተር»፣ «ትረስት ሴንተር ሴቲንግስ»፣ «ማክሮ ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። «ዲሴብል ኦል ማክሮስ ዊዝአውት ኖቲፊኬሽን» (ማክሮ ሁሉ ያለ ማሳሰቢያ ይዘጋ) የሚለውን ምረጡ። ኤክሴል ላይም ድገሙት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢንተርኔት የመጡ ፋይሎችን ማክሮ በራሱ ማገድ ጀምሯል፤ በቆየ ኦፊስ ላይ ግን ይህ ጥበቃ ላይኖር ይችላል። ሰነዱ ራሱ «ይዘቱን ለማየት ኢኔብል ኮንቴንት የሚለውን ተጫን» የሚል ትልቅ ምስል ካለው፣ ያ ምስል የተቀመጠው እናንተን ለማታለል ነው።

ደረጃ 6፦ ፋይል ያለው ኢሜይል ሲደርሳችሁ

አሁን ቅንብሩ አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ልማድ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ፋይል እጠብቅ ነበር? ካልጠበቃችሁት፣ ከእናታችሁ ቢመጣም አትክፈቱት። ደውሉ። «እትዬ፣ በኢሜይል ፋይል ልከሽልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥያቄው በሌላ መንገድ መሆን አለበት፤ በስልክ ወይም በቴሌግራም። ለኢሜይሉ መልስ ብትጽፉ የሚመልስላችሁ አካውንቱን የያዘው ሌባ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የላኪ አድራሻ ሊመሰል ስለሚችል ያ ሰው ምንም ላያውቅ ይችላል፤ አትቆጡት።

ቀጥሎ የላኪውን ሙሉ አድራሻ እዩ። የሚታየው ስም የባንክ ሆኖ ከጀርባው ያለው ተራ የጂሜይል አድራሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሊንኩ ላይ ሳትጫኑ ማውሱን አሳርፉበት፤ የሚሄድበት አድራሻ ብሮውዘሩ ግርጌ ላይ ይታያል።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የዲቪ ውጤት በሚወጣበት ሰሞን «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል፣ ቅጹ ተያይዟል» የሚል ኢሜይል ይበዛል። የአሜሪካ መንግሥት ለዲቪ የተመረጠን ሰው «ተመርጠሃል» ብሎ በኢሜይል አያሳውቅም። ውጤት የሚታየው ራሳችሁ በኦፊሴላዊው የዲቪ ድረ ገጽ ላይ በማረጋገጫ ቁጥራችሁ ስትገቡ ብቻ ነው፤ የገጹም አድራሻ የሚያልቀው በ«ጎቭ» ነው። ስለዚህ ያ ኢሜይል ምንም ያህል ማኅተም ቢኖርበት ውሸት ነው። ተስፋ ላይ ያለን ሰው ማታለል ቀላል መሆኑን የላከው ሰው ያውቃል። ቤት ውስጥ ዲቪ የሞላ ካለ፣ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ይህን ንገሩት።

ሌላው ሶፍትዌር አድሱ የሚል ሊንክ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች እንዴት በኢሜይል እንደተጠቁ አሳይቷል። የሚደርሳቸው የቪዲዮ ሊንክ ነበር። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አድሱ» ይላል። የሚወርደው ግን ኮምፒውተሩን የሚሰልል ፕሮግራም ነው። ፍላሽ ፕሌየር ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አክትሟል። ዛሬ ፍላሽ አድሱ የሚላችሁ ሁሉ ውሸታም ነው። የሌላውንም ሶፍትዌር ማደሻ ከፕሮግራሙ ውስጥ ወይም ራሳችሁ አድራሻውን ጽፋችሁ ከገባችሁበት ገጽ ብቻ ውሰዱ።

የተጠራጠራችሁትን ፋይል ሳትከፍቱ ወደ ቫይረስቶታል ድረ ገጽ መጫን ትችላላችሁ። በበርካታ አንቲቫይረሶች ይፈትሽላችኋል። ግን ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀት ወይም የግል ደብዳቤ እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች መርማሪዎችም ይታያል። «ምንም አልተገኘም» ማለትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት የተሠራ ቫይረስ ገና ላይታወቅ ይችላል።

በቴሌግራም የሚመጣ ፋይልም በዚህ ሕግ ይዳኝ። መንገዱ ቢለይም ፋይሉ ያው ነው።

ደረጃ 7፦ ባክአፕ

ከላይ ያለው ሁሉ ቢሳካም አንድ ቀን አንድ ሰው ይሳሳታል። ያን ቀን የሚያድናችሁ ሌላ ቦታ ያለ ኮፒ ነው። የተለመደው ሕግ 3 ኮፒ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለቤት ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው፣ እና ጎግል ድራይቭ ወይም ዘመድ ቤት የተቀመጠው ማለት ነው።

ዲስኩን ኮፒ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ባክአፕ አይባልም፤ ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ አብሮ ይቆልፈዋል። ፍላሽ ላይ ብቻ አትመኩ፤ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ከየኮምፒውተሩም ቫይረስ ያነሳል። ከባክአፑ ጥቂት ፎቶና ሰነድ አልፎ አልፎ ክፈቱና መሥራታቸውን እዩ።

ደረጃ 8፦ ከከፈታችሁት በኋላ

ከተጫናችሁ በኋላ ነገሩ ካላማራችሁ፣ አትደናገጡ፤ ግን ፍጠኑ።

ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ኬብሉን ንቀሉ። ዎርሙ ለሌላ ሰው እንዳይልክ፣ የተሰረቀውም እንዳይወጣ ያደርጋል። የተሰካ ዲስክ ወይም ፍላሽ ካለ አውጡ።

ከዚያ ስልካችሁን አንሱ። ፓስወርድ በዚያው ኮምፒውተር ላይ አትቀይሩ፤ የምትጽፉትን እያየ ሊሆን ይችላል። በስልክ መጀመሪያ የኢሜይሉን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ምክንያቱም የሌላው ሁሉ ፓስወርድ በእሱ በኩል ነው የሚታደሰው። አካውንቱን ከተከፈተበት መሣሪያ ሁሉ አስወጡ። ቀጥሎ የባንኩን ቀይሩ፤ በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ ትሠሩ ከነበረ ወደ ባንኩም ደውሉ።

በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ጂሜይልን ከፍታችሁ «ሲ ኦል ሴቲንግስ» ውስጥ ሁለት ቦታ ፈትሹ። «ፊልተርስ» ውስጥ እናንተ ያልሠራችሁት ማጣሪያ፣ «ፎርዋርዲንግ» ውስጥ ደግሞ የማታውቁት አድራሻ ካለ አጥፉ። ሌቦች ፓስወርዱ ከተቀየረም በኋላ ደብዳቤያችሁ እንዲደርሳቸው እዚህ ይደብቁታል። ኢንቦክሱ ግርጌ ቀኝ ላይ ያለችው «ዲቴይልስ» ደግሞ አካውንቱ በቅርቡ ከየት ከየት እንደተከፈተ ታሳያለች።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ዊንዶውስ ሲሠራ ራሱን የሚደብቅ ቫይረስ በዚህ ጊዜ መደበቂያ ያጣል። ከዚያ «ፉል ስካን» አድርጉ፤ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ ተዉት።

ፋይሎቻችሁ ተቆልፈው ክፍያ ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ። ብትከፍሉም ፋይሉ ስለመመለሱ ዋስትና የለም። የሆላንድ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና የደኅንነት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽ ለብዙ ዓይነት ቆላፊዎች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። መክፈቻው ዛሬ ከሌለ የተቆለፉትን ፋይሎች ሳታጠፉ አስቀምጡ፤ ቆይቶ ሊወጣ ይችላል።

ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ወይም በቴሌግራም «ከእኔ የመጣ ፋይል አትክፈቱ» ብላችሁ አሳውቁ። አፍራችሁ ዝም ብትሉ ዎርሙ በእናንተ ስም ቀጣዩን ቤት ያንኳኳል።

ስካኑ ቫይረስ አግኝቶ ካጸዳ በኋላም ፓስወርድ የሚሰርቅ ዓይነት ከነበረ፣ የእኔ ምክር እንደ አዲስ መጫን ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»፣ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»። «ክላውድ ዳውንሎድ» ከመረጣችሁ 4 ጊጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል፤ «ሎካል ሪኢንስቶል» ግን ዳታ አይፈልግም። ዊንዶውሱ ሲመለስ መጀመሪያ አድሱት፣ ደረጃ 1ን፣ 3ንና 4ን ድገሙ፣ ከዚያ የባክአፕ ዲስኩን ሰክታችሁ በዲፌንደር አስፈትሹት። ወደ ኮምፒውተሩ የምትመልሱት ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ይሁን። ፕሮግራሞችን ከድሮው ዲስክ አትቅዱ፤ እንደ አዲስ ከየአምራቹ ገጽ አውርዱ።